ስም የሌላት ሸረሪት

አንጓች ደምሰው ሥራ የምትገባው ስልኳን ኬላው ላይ አስረክባ ነው። ዘበኛው ስልኩን ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይከትና ኪሷን፣ የነጠላዋን ጫፍ፣ የጫማዋን ሶል ያያል። ከዚያ ቁልቁለቱን ብቻዋን ትወርዳለች። በእጇ አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ትይዛለች። ደብተሩ ላይ ቁጥር እንጂ ቃል አይጻፍም።

ዘመኑ 2091 ዓ.ም. ነው። ቀበሌው ቀይ አፋፍ ይባላል፤ ከጀማ ወንዝ በላይ፣ ገደሉ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ መቶ አርባ ቤተሰብ የሚኖርበት መንደር ነው። ከመንደሩ በታች ስፋቱ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ብዙም የማይበልጥ ቀይ ተዳፋት አለ። እዚያ ተዳፋት ላይ፣ በዓለም ሌላ ቦታ ታይታ የማታውቅ ሸረሪት ትኖራለች። ታራንቱላ ከሚባሉት ትልልቅ ጠጉራም ሸረሪቶች ወገን ናት። የሰው መዳፍ ታህላለች። ጀርባዋ የደረሰ ገብስ ይመስላል፤ እግሮቿ ጫፋቸው ብቻ ጥቁር ነው። መሬት ቆፍራ ትገባና የጉድጓዷን አፍ በድር ትከፍፈዋለች። ሴቷ አንዴ የቆፈረችውን ቤት ሃያና ሃያ አምስት ዓመት ሳትለቅ ትኖርበታለች። አንጓች የምትቆጥረው እነዚያን በሮች ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበሩ።

ሸረሪቷ ስም አልነበራትም። የመንደሩ ሰው “እሷ” ይላታል፤ ሲበዙ “እነሱ”።

ስም ያልወጣላት የሚያወጣላት ጠፍቶ አልነበረም። ቀድሞ አዲስ ፍጥረት ሲገኝ ተመራማሪዎች ስም ያወጡለትና የተገኘበትን ቦታ ጽፈው ለዓለም ያሳውቁ ነበር። ብርቅ ፍጥረት ሰብሳቢዎችም ጽሑፉን አንብበው ይመጣሉ። ማንም የሌለውን ታራንቱላ ቤቱ አስቀምጦ ማየት የሚፈልግ ሰው በየአገሩ ሞልቷል። በ2060ዎቹ በደቡብ አንድ ተራራ ላይ የተገኘች ሰማያዊ ሸረሪት ስሟ ሰኞ ቀን ወጣ፤ በስምንተኛው ሳምንት ተራራው ላይ አንዲትም አልቀረችም። ከዚያ በኋላ ቦታ መደበቅ ተጀመረ። የሰብሳቢዎቹ ማሽኖች ግን ፎቶግራፍ ላይ ከሰው ጀርባ ከሚታይ ቋጥኝ፣ ከጫማ ላይ ከረገፈ አፈር ሳይቀር ቦታውን ማወቅ ለመዱ። በመጨረሻ የዝምታ አዋጅ ወጣ። አዲስ የተገኘ ፍጥረት ስም አይወጣለትም፤ ፎቶ አይነሣም፤ የሚኖርበት ቀበሌም ዝም ይላል።

በቀይ አፋፍ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡት ከኋላቸው ነጭ አንሶላ ተጋርዶ ነው። የተማሪዎች ሥዕል ከትምህርት ቤቱ ግቢ ከመውጣቱ በፊት ይታያል፤ ቤትና ዛፍ ይፈቀዳል፣ ተራራ አይፈቀድም። ከመንደሩ የሚወጣ ሰው ኬላው ላይ እግሩን ይታጠባል፤ ገበያ የሚሄድ አህያም ሰኮናው ይታጠባል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ እንግዳ የስልኩ ዓይን በሰም ይደፈናል። ሰዉ ይህን ሁሉ ለምዶታል። ያልለመደው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በራሪ ቃሬዛ ቀይ አፋፍ አይገባም።

በአጎራባች ቀበሌዎች ሰው ሲታመም ተደውሎ ቃሬዛው በሩብ ሰዓት ደጅ ላይ ያርፋል፤ ሕመምተኛውን አሳፍሮ ሆስፒታል ያደርሳል። ነገር ግን ቃሬዛው መንገዱን የሚያየው በካሜራ ነው፤ ያየውንም ያስቀምጣል። ስለዚህ በዝምታ ቀበሌ ላይ እንዳይበር አዋጁ ከልክሏል። ቀይ አፋፍ መኪና የሚያስገባ መንገድ የለውም። የታመመ ሰው እንደ ጥንቱ በሰው ትከሻ ገደሉን ይወጣል። አራት ሰዓት ይፈጃል።

ከስድስት ዓመት በፊት የአቶ ይፍሩ ወልደሰንበት ልጅ ስንቅነሽ ምጥ ጠናባት። ስምንት ወንዶች ተሸከሟት። አባቷ ከፊት፣ አንጓች የውኃ ኮዳ ይዛ ከጎን ነበሩ። አንጓች የክርስትና እናቷ ናት፤ ስሟን ቄሱ ጆሮ ላይ የተናገረችውም እሷ ነበረች። ገደሉን ወጥተው አናቱ ላይ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር ስንቅነሽ ሞተች። ልጁም አልተረፈም። ከቆሙበት ሆነው፣ በማዶው ቀበሌ ሰማይ ላይ አንድ ቃሬዛ ሌላ ሰው ይዞ ሲያልፍ አዩት።

ይፍሩ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል አልተናገረም። በማግስቱ ግን አንጓች ተዳፋቱን ወርዳ ቆጠረች። እሱ ከቤቱ ደጅ ሆኖ ስትወርድ አያት። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

በ2091 ጥቅምት መንገድ ቀያሾች መጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ይፍሩ በግ አርዶ ጋበዛቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንጓች ወደ ሥራዋ ስትወርድ ተዳፋቱ ላይ ቀይ ጫፍ ያላቸው ችካሎች በሁለት ረድፍ ተተክለው አገኘች። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ በሮች መቶ ስድሳ ያህሉ በሁለቱ ረድፎች መካከል ነበሩ። አንዱ ችካል ከአንድ በር አጠገብ፣ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ ተተክሏል።

ቀያሹ መሣሪያውን እየጠቀለለ ነበር።

“ልጄ” አለችው፣ “ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ብታደርጉትስ?”

“ለምን እናቴ?”

ለምን እንደሆነ መናገር አትችልም። “አፈሩ ይንሸራተታል” አለች።

ቀያሹ መሣሪያውን አየ። “አፈሩ ደህና ነው፤ ለክተነዋል። እዚህ ቦታ ደግሞ ካርታው ላይ ምንም የለም። ሰውም፣ እርሻም፣ ምንም። ለዚህ ነው የመረጥነው።”

በሚቀጥለው ቀን እግሯን ታጥባ ገደሉን ወጣችና ደብረ ብርሃን ሄደች። ዶክተር ሐመልማል አሰፋ የምትኖረው እዚያ ነው። ሸረሪቷን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ያገኘችው እሷ ናት። ያገኘችው እሷ መሆኗን ግን ከመንደሩ ሌላ የሚያውቁት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። በሙያዋ ትልቁን ነገር የሠራችበት ዓመት የሥራ ታሪኳ ላይ “የመስክ ጉዞ” ተብሎ ታልፏል። በዓመት አንድ ጊዜ ዘመድ ጥየቃ የመጣች መስላ ቀይ አፋፍ ትመጣለች።

አንጓች የችካሎቹን ነገር ነገረቻት። ዶክተሯ ቀድማ ሰምታ ነበር።

“ለመንገዶቹ መሥሪያ ቤት ይንገሯቸው እንጂ” አለች አንጓች።

“እኔ ልነግራቸው አልችልም። የዝምታ ቀበሌዎች ዝርዝር የተቆለፈ ነው። እሱን ለመክፈት አምስት ፊርማ ያስፈልጋል። ከአምስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ጡረታ ወጥተዋል፤ ተተኪ አልተሾመም። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ለሦስቱም የመጣው መልስ አንድ ነው፤ ‘አለ ወይም የለም ለማለት አንችልም’ ይላል።”

“ታዲያ እዚያ መኖራቸውን የሚያውቅ ማን ነው?”

“እኔ፣ እርስዎ፣ መንደሩ።” ዶክተሯ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበች። “እትዬ አንጓች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሌባ ስንደብቃት፣ መንገድ ከሚቀይሱትም እየደበቅናት መሆኑን አላስተዋልንም። አሁን ስም ካወጣንላት ሰብሳቢዎቹ ይመጣሉ። ካላወጣንላት ግሬደሩ ይመጣል።”

“የቱ ይሻላል?”

 “ሌባ አንድ አንድ እያለ ነው የሚወስደው” አለች ዶክተር ሐመልማል።

ከዚያ የቀረውን አስረዳቻት። በኅዳር አጋማሽ የሕዝብ ውይይት ይደረጋል። ደንቡ የሚቀበለው የነዋሪ ቃል ብቻ ነው፤ እሷ ብትናገር አይመዘገብም። ነዋሪ ከተናገረና ከተመዘገበ መንገዱ ከተዳፋቱ በላይ ባለው የድንጋይ ጠርዝ በኩል መዞር ይኖርበታል። ድንጋዩን ማፍረስ ሁለት ዓመት ይጨምራል። የተናገረው ሰው ደግሞ አዋጁን ስለጣሰ ይከሰሳል።

“ይናገሩ አልልዎትም” አለች ዶክተሯ። “አይናገሩ ብዬም አልከለክልዎትም።”

አንጓች ስትመለስ ቤቷ ከመግባቷ በፊት ወደ ይፍሩ ዘንድ ሄደች። ለመንገዱ ሠራተኞች የሚሆን ዳስ እየሠራ ነበር፤ የዳሱን ማገር ብቻውን ያስራል።

“አበልጄ፣ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው የመጣሁት” አለችው። የመጣችበትን ነገረችው።

ይፍሩ ማሰሩን አላቆመም። “በጠርዙ በኩል ከዞረ ስንት ጊዜ ይፈጃል?”

“ሁለት ዓመት ይጨምራል አሉ።”

“በሁለት ዓመት ስንት ሴት ትወልዳለች እዚህ መንደር?”

“ሃያ፣ ሃያ ሁለት።”

“አንቺ መቼም ቁጥር አይጠፋሽም።” ገመዱን ለቀቀው። “ያን ቀን ቃሬዛው ያልመጣው ለእነሱ ሲባል ነው። ዝም አልኩ፤ አዋጅ ነው፣ ለሁሉም የወጣ ነው ብዬ። አሁን መንገዱም ለእነሱ ሲባል ይቅር?”

“አይቅር። ይዙር ነው የምለው።”

“መዞርና መቅረት ለሚያምጥ ሰው አንድ ነው።”

አንጓች ማገሩን ልታቀብለው እጇን ዘረጋች፤ ራሱ አነሣው።

“አንድ ነገር ንገሪኝ” አለ። “ምን ያደርጉልሻል? እንደ ንብ ማር አይሰጡሽ። ለምን ነው እንዲህ የሆንሽላቸው?”

“እኔም እንጃ። መጀመሪያ ሥራ ስለሆነ ነበር። አሁን እያንዳንዷን በር አውቃታለሁ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የቆጠርኳት ዛሬም እዚያው ናት። ሌላ ቦታ የላትም ይፍሩ። እኛ ቢጨንቀን አዲስ አበባ እንሄዳለን። እሷ ከዚያ ተዳፋት በቀር አገር የላትም።”

ይፍሩ ማገሩን አስተካከለ። “አትናገሪ አልልሽም፤ አፍሽ ያንቺ ነው” አለ። “ከተናገርሽ ግን አበልጄ አትበዪኝ።”

በማግስቱ ኬላው ላይ ስልኳን ስታስረክብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አዋጅ አየችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአጠገቡ አልፋለች፤ አንድም ቀን ቆማ አላነበበችውም። ዘበኛው እስኪሰለች ድረስ ቆማ አነበበች። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ደገመችው። ከዚያ ወርዳ ቆጠረች።

ውይይቱ ኅዳር አሥራ ስድስት ቀን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። ከመንገዱ መሥሪያ ቤት የመጣው የውይይቱ መሪ ኤልያብ ጌታነህ የሚባል ትሑት ሰው ነበር፤ አዛውንቶቹን ተነሥቶ ነው የተቀበለው። ጥያቄዎቹን ከቅጽ ላይ እያነበበ ጠየቀ።

“በመስመሩ ላይ መቃብር አለ?”

“የለም!” አለ ሕዝቡ።

“ጠበል? ቤተ ክርስቲያን? መስጊድ?”

“የለም!”

“ሕይወት ያለውና ሕግ ሊጠብቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ?”

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁለት መቶ ሰው መሬት መሬቱን አየ። ኤልያብ የዝምታውን ትርጉም አላወቀም፤ እርሳሱን ወደሚቀጥለው ጥያቄ ወሰደ። አንጓች ያን ጊዜ ተነሣች። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

“አለ” አለች።

“ምንድን ነው እናቴ?”

“ሸረሪት ናት።”

የሳቀ የለም። ኤልያብ ሕዝቡን አየ፤ ከዚያ ቅጹን አየ። “ስሟ ማን ነው? ቅጹ ስም ይጠይቃል።”

“ስም አልወጣላትም።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስም የሌለውን ነገር መመዝገብ አልችልም።”

አንጓች ወደ ፊት ተመለከተች። ይፍሩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ማጅራቱ ብቻ ይታያታል።

“እንግዲያውስ ጻፍ” አለች። “የቀይ አፋፍ ሸረሪት።”

ሸረሪቷና ቦታው በአንድ አፍ፣ በሰው ፊት ሲጠሩ የመጀመሪያው ነበር። በሩ ላይ የቆመው የኬላ ዘበኛ ዓይኑን ጨፈነ። ኤልያብ ጻፈ።

“ሌላም አለኝ” አለች አንጓች። አሁን ድምጿ ጠንክሯል። “አንቀጽ አሥራ አራት፣ ፍጥረቱ በይፋ ስም ከተመዘገበለት ቀን ጀምሮ የዝምታ ክልከላዎች ሁሉ ቀሪ ይሆናሉ ይላል። በቃሌ ይዤዋለሁ። ስሟ አሁን ተመዘገበ። እንግዲህ ዝምታው ተነሥቷል። ዝምታው ከተነሣ በራሪው ቃሬዛ ይግባ። መንገዱ እስኪደርስ ይግባ። ይህንንም ጻፍልኝ።”

ከኋላ አንዲት ሴት እልል ልትል ጀመረችና አቆመች። ይፍሩ ዞሮ አላያትም።

የተባለው ሁሉ ሆነ። ችካሎቹ ተነቅለው ወደ ድንጋዩ ጠርዝ ወጡ። ኬላው ላይ የእግር መታጠቢያው ደረቀ፤ አንዳንድ አዛውንቶች ግን ሲወጡ አሁንም ቆም ይላሉ። ፍርድ ቤቱ አንጓችን ከሥራዋ አሰናበታት፤ ዕድሜ ልኳንም ከተዳፋቱ ሦስት መቶ ሜትር በቅርብ እንዳትደርስ ወሰነ። የድንበሩ ድንጋዮች ኖራ ተቀቡ። ዳኛዋ ፍርዱን ካነበበች በኋላ “እናመሰግናለን” አለች፤ ለምን እንዳለች ራሷም የገባት አትመስልም ነበር።

ውይይቱ በተደረገ በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው ቃሬዛ መጣ። ትርፍ አንጀት የታመመ አንድ አዛውንት ሊወስድ ነው። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አየ። ስልክ ከተደወለበት እስከ ሆስፒታሉ በር ሠላሳ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ይፍሩ ከሰዉ ኋላ ቆሞ ነበር። የቃሬዛው ክዳን ሲዘጋ አየ፤ ሲነሣ አየ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ሁለት ቀን አልወጣም።

በስድስተኛው ቀን ሰብሳቢዎቹ መጡ። ወፍ ተመልካች ነን ያሉ ነበሩ፤ ጠበል ፈልገን ነው ያሉ ነበሩ፤ አንድ ባልና ሚስት የጫጉላ ሽርሽር ላይ ነን አሉ፤ ሻንጣቸው ውስጥ ሃያ አራት ባዶ ብልቃጥ ተገኘ። ቀበሌው ተራ አወጣና እያንዳንዱ ቤት ተዳፋቱን በየቀኑ ይጠብቅ ጀመር። ይፍሩ ስሙ ሲጠራ አቤት አለ፤ ከዚህ ሌላ አልተናገረም። በአንጓች ምትክ አዲስ ቆጣሪ ተላከ። በመሣሪያ ነው የሚቆጥረው። ዓርብ ዓርብ ቁጥሩን የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ 198፣ 197፣ 198። ሰዉ እያነበበ፣ ብዙ አልጎደለም፣ ተመስገን ይል ነበር። አንጓችም ታነባለች።

መጋቢት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አንድ ሰው አንጓች ደጅ መጣ። ዕድሜው አርባ ይሆናል፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ትከሻው ላይ የምሳ ዕቃ የሚያህል ሣጥን ያንጠለጠለ። ቁጭ በል ብላ ውኃ ሰጠችው።

“እማማ፣ ቆጣሪዋ እርስዎ እንደነበሩ ሰምቼ ነው። አንድ ምክር ፈልጌ” አለ። “እኔ ሌባ አይደለሁም፤ ሻጭም አይደለሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ አሳድጋቸዋለሁ። ቤቴ ውስጥ አርባ ሦስት ዓይነት አሉኝ። ከእነሱ ውስጥ ዘጠኙ አሁን ዱር ውስጥ የሉም፤ ያሉት እኔ ጋ ብቻ ነው። እኔ ባልወስዳቸው ኖሮ ዛሬ ጨርሶ አይኖሩም ነበር።”

“ዘጠኙ ወንድና ሴት አላቸው?”

ሰውዬው ውኃውን ጠጣ። “አንዳንዶቹ። አብዛኞቹ አንድ አንድ ናቸው።”

“እሷ ስትሞትስ?”

ሰውዬው ሣጥኑን ፈታና ክዳኑን ገለጥ አደረገ። የገብስ ቀለም ያላት ሸረሪት ከጥጉ ተጣብቃ እግሮቿን ሰብስባለች።

“ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው” አለ ሰውዬው፤ ድምፁ የታመመ ልጅ ይዞ ሐኪም ቤት እንደ መጣ ሰው ነበር። “ፌንጣ ሰጠኋት፣ ጢንዚዛ ሰጠኋት። አትነካም። እንዳትሞትብኝ ነው።”

አንጓች ጎንበስ ብላ አየቻት። አራት ወር አላየቻቸውም ነበር። ሆዷ ጠቁሯል፤ ጠጉሩ ሳስቷል።

“አልራባትም” አለች። “ቆዳዋን ልትለውጥ ነው። በጀርባዋ ትተኛና አሮጌውን ልብስ ታወልቃለች። ያን ጊዜ መላ ሰውነቷ እንደ ቅቤ ነው፤ የምትተኛበት የራሷ ድር ከሌላት፣ በሣጥን ውስጥ ከተናወጠች ትቀደዳለች። ከየት ነው ያወጣሃት?”

“በሣር ስንደዶ ነው ያባበልኳት። ጉድጓዷን አልነካሁትም። ቦታውን ስልኬ በትክክል ያውቀዋል።”

“እንግዲያ ዛሬውኑ ትመለስ።”

ሰውዬው ሣጥኑን አቀፈው። ያን ጊዜ በአጥሩ በር ላይ ይፍሩ ቆሞ አዩት። የዚያ ቀን ተረኛ እሱ ነበር፤ ከቀበሌው ጫፍ ጀምሮ እንግዳውን ሲከተል ነው የመጣው። ዱላውን አላነሣም። እንግዳውን ብቻ አየው።

“ስማት” አለው።

ሰውዬው አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። ከዚያ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሦስቱም እስከ ኖራ ድንጋዮቹ ድረስ አብረው ወረዱ። እዚያ አንጓች ቆመች። ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ ብትሄድ የአዲሱ ቆጣሪ መሣሪያ ያያታል። ለእንግዳው ደግሞ ሣጥኑን መልሶ መስጠት አይታሰብም። ይፍሩ ሣጥኑን አየው። ገደል ላይ ያደገ፣ እባብ በዱላ የሚያነሣ ሰው ነው፤ አሁን ግን ከንፈሩ ነጥቷል።

“እጄ ላይ ትወጣለች?” አለ።

“አትወጣም። ሣጥኑን ከጉድጓዷ አፍ አስጠግተህ በሆድህ ተኛ። አትግፋት። በስንደዶ ከኋላ እግሯን ብቻ ንካት። ስታሸተው ታውቀዋለች፤ የራሷ ቤት ነው።”

ይፍሩ የእንግዳውን ስልክ ይዞ ወረደ። ከላይ ሆነው ያዩታል፤ ሲፈልግ፣ ሲንበረከክ፣ ቀስ ብሎ በሆዱ ሲተኛ። ረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። እንግዳው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። አንጓች በቆመችበት ነጠላዋን ትጠመዝዛለች።

“ገባች!” አለ ይፍሩ ከታች።

ግን ወዲያው አልተነሣም። በክርኑ እየተሳበ ወደ ጎን ሄደ፤ ደግሞ ወደ ሌላው። አንዱን ጉድጓድ አየ፣ የሚቀጥለውን አየ። ሲመለስ ደረቱና ጉልበቱ ቀይ አፈር ብቻ ነበር። እንግዳውን ለኬላው ዘበኛ አስረከቡት። ሰውዬው ሲሄድ፣ ቆዳዋን ቀይራ እንደሆነ በስልክ እንዲነግሩት ለመናቸው። 

ከዚያ ይፍሩ ከአንጓች ጋር እስከ ደጇ መጣ። ከውይይቱ ወዲህ አብረው ሲራመዱ የመጀመሪያው ነበር። 

“የእሷን ጎረቤቶች አየሁ” አለ። “አሥር ቀዳዳ አየሁ። የሦስቱ አፍ በድር የተከፈፈ ነው። የሰባቱ ግን ድሩ አቧራ ጠጥቷል፤ አንደኛው ውስጥ ጉንዳን ይመላለሳል። ያ አዲሱ ቆጣሪ ግን መሣሪያውን ይዞ ሲያልፍ አሥሩንም ይቆጥራል። አይቼዋለሁ። ቀዳዳውን ነው የሚቆጥረው።”

አንጓች ግድግዳውን ተደገፈች። በየሳምንቱ ስታነበው የነበረውን ቁጥር አሰበች።

“ሰባት?” አለች።

“ሰባት። እኔ ግን አላውቅም፤ የሞተና የተኛ አንድ ይመስለኛል። ባዶውን ከሙሉው እንዴት ነው የምትለዪው?”

አንጓች ቤት ገብታ ሁለት በርጩማ ይዛ ወጣች።

“ተቀመጥ” አለችው። “በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም።”

ይፍሩ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። እሷ ጎንበስ አለችና በጣቷ መሬቱ ላይ የመጀመሪያውን በር ሣለች።